በማጣሪያ ላይ የቀረው ተራራ

ሥራ በጀመራችሁበት ቀን፣ ምንም የማይታይበት ነገር ተሰጥቷችሁ «ውስጡ ያለውን ፈልጉ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። የተሰጠኝ አንድ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ነበር።

አዲስ አበባ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ሜልበርን ስመጣ ካርልተን በሚገኝ ቤተ ሙከራ ተቀጠርኩ። ጠዋት ተማሪዎችን አለማምዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ አጣራለሁ። አለቃችን ማርጋሬት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታ፣ «ከአንታርክቲካ ባሕር ገጽ የተቀዳ ነው። ተራራ አለበት» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግግር በረዶ የቆመ ይመስላል እንጂ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን የተራራ ዐለት እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ዱቄቱ ከቀለጠው ውሃ ጋር ባሕር ይገባል።

እኛ ያንን ዱቄት እንይዛለን። ክብ ማጣሪያ እንመዝናለን፤ ውሃውን በፓምፕ እየሳብን በላዩ እናሳልፋለን፤ ማጣሪያውን በንጹሕ ውሃ አጥበን፣ አድርቀን እንደገና እንመዝናለን። ልዩነቱ የቅንጣቶቹ ክብደት ነው።

ውሃውን ከመርከብ ላይ የቀዳችው ቤተልሔም ናት፤ የዶክትሬት ተማሪ፣ እዚሁ ሜልበርን የሰንሻይን ዌስት ሰፈር ልጅ። ከበረዶው አፍ የቀዳችው፣ ያ ለእኔ የተሰጠኝ ተጨምሮ፣ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ ዋና ምዕራፍ በእነሱ ላይ ቆሟል። ዱቄቱ ካልተገኘ ምዕራፉም የለም፤ መርከቡም ዳግመኛ አይወስዳትም።

የመጀመሪያውን ራሷ አጣራች። ሚዛን ላይ ሲወጣ ከጠበቅነው እጅግ ከበደ።

«ቲቸር፣ ና እስቲ እየው። ተራራው ሳይጎድል መጥቷል» አለችኝ።

ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኩት። ጎናቸው እኩል የሆነ፣ ጥርት ያሉ ኩቦች ታዩኝ። ዐለት ሲፈጭ እንዲህ አይሰበርም።

«ቤቲ፣ ሪንስ አድርገሽዋል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ከዓለም ጫፍ ተሸክሜ ያመጣሁትን አጥቤ ልድፋው? እንዳይሄድብኝ ሳሳሁ።»

«እንግዲያው የመዘንሽው ጨው ነው።»

«ወጥ እሠራበታለኋ» አለች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እንደገና ልናጥበው ስናነሣው የደረቀው ማጣሪያ ተቀደደ። አንድ ጠርሙስ ቀረ።

ማርጋሬት ስትሰማ አልተቆጣችም። «የማጣሪያው ቀዳዳ ከምንፈልገው ቅንጣት ይጠብባል። እመኚው» አለቻት።

ቤቲ ሁለተኛውን አጣርታ ልታጥበው ስትል መርጫውን ዘረጋችልኝ። «አንተ እጠበው።»

«የቀዳሽው አንቺ፣ የምታጥቢውም አንቺ።»

በጠርዙ ዙሪያ ቀስ እያለች አፈሰሰች፤ ደጋገመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማኋት፦ «ጌታ ሆይ፣ ጨዉን ውሰድ፣ ድንጋዩን ተውልኝ።»

ደርቆ ሲመዘን እጅግ ቀለለ። ቤቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማየት ስላልፈለገች መጀመሪያ እኔ አየሁ።

ኩቦቹ የሉም። ጠርዛቸው የተሸራረፈ፣ ስለታም የድንጋይ ስብርባሪዎች ነበሩ። ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ይለሰልሳል፤ ይህ ግን ከተፈጨበት ወጥቶ ምንም ያልነካው ይመስል ነበር። በመካከሉ እንደ መስተዋት የጠሩ የባሕር ጥቃቅን ዕፅዋት ቅርፊቶች ተበትነዋል። በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስንመረምረው ድንጋዩ ብረት እንዳለበት አየን። በዚያ ባሕር ብረት ብርቅ ነው፤ ዕፅዋቱ ያለ እሱ አያድጉም። ሰው ረግጦት የማያውቅ ተራራ ተፈጭቶ ባሕርን ይመግባል። እኔም ከትራም ወርጄ ገብቼ እሱን እያየሁ ነበር። ከማይክሮስኮፑ ራቅ ብዬ ለቤቲ ቦታ ለቀቅኩላት።

ቤቲና ማርጋሬት ተራ በተራ አዩ።

«ትንሽ ነው እኮ» አለች ቤቲ በመጨረሻ።

«ትንሽ ነው» አለች ማርጋሬት። «ግን ድንጋይ ነው። ምዕራፍሽን ጻፊ።»

ለአዲስ ተማሪዎች የምነግረው ይህንን ነው፦ እንዳይጠፋባችሁ የምትሳሱለትን ናሙና በደንብ እጠቡት። ታጥቦ የሚሄደው የእናንተ አልነበረም።

እናንተም ሞክሩት። ሁለት ድንጋዮች ውሃ ውስጥ እርስ በርስ ፈትጉ፤ ውሃውን በብርጭቆ አስቀምጡና በማግስቱ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ገና ያልዘቀጠውን ዱቄት ፈልጉ።