«ኖርማል» የሚሉት ቃልና የአባቴ ዓይን

ከእንግሊዝኛ ተውሰን ካስቀረናቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ኖርማል» የምንቀው የለም። መሐል ሜዳ ከተማ እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ቃሉ የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። ሾፌሩ የሚኒባሱን ፍሬን ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ኖርማል ነው» ይላል፤ ተሳፋሪውም ይህችን ሰምቶ ያን ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል። የሻይ ቤቷ ባለቤት የጠዋቱን ሻይ ለማታ አሙቃ «ኖርማል ነው» ትላለች። ውርጭ ገብሱን ጠብሶት የሰው ሁሉ ፊት በጠቆረበት ዓመት አንድ ካድሬ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ የዘንድሮው ምርት «ኖርማል» መሆኑን አነበበልን። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ጎረቤታቸውን «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። «ጥሩ ነው አለ መሰለኝ» አሏቸው። ገበሬው አጨበጨቡ፤ ሁሉም እያጨበጨበ ነበርና።

እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ጀግና ነበርኩ። «ቅጽል ብቻውን ትርጉም የለውም» እያልኩ ጠመኔው እስኪሰበር ሰሌዳውን እደበድባለሁ። «ኖርማል ነው ያላችሁን ሰው፣ ምኑ? ብላችሁ ጠይቁ። ሙቀቱ ነው? ጠባዩ ነው? ከምን ጋር አነጻጽሮ ነው? ይህን ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም!» ተማሪዎቼ አቀርቅረው ይጽፋሉ። እኔም በገዛ ንግግሬ ደስ ይለኛል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ በከተማው እንግሊዝኛ እያሾፍኩ ባልደረቦቼን አስቃለሁ። ዛሬ ያንን መምህር መንገድ ላይ ባገኘው በጥፊ እለው ነበር።

አባቴ ባና ሠሪ ነበሩ። ቀየት ከሚባል ቦታ አጠገብ ባለችው መንደራችን እናቴና ጎረቤቶቿ የፈተሉትን የበግ ጠጉር እሳቸው እየሸመኑ ያን ወፍራም ብርድ ልብስ ያወጡታል። የእሳቸው ባና ከሩቅ ይለያል፤ ጥቁር ሆኖ በግራና በቀኝ ጠርዙ አንድ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ይሄድበታል። ሌሎች ሸማኔዎች ሊኮርጁት ሞክረው መስመሩ እየተጣመመ አስቸግሯቸዋል። አባቴ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ በዚያች መስመር ግን ይኮሩ ነበር።

አንድ በልግ ላይ መሐል ሜዳ ድረስ መጡብኝ።

«ከጎን ከጎን ጭጋግ ይጋርደኛል» አሉኝ። «ፊት ለፊቴን አያለሁ። ስሸምን መወርወሪያው እጄ ሊገባ ሲል ግን ይጠፋኛል።»

ለማርያም መሳላቸውንም ነገሩኝ። ዓይናቸው ደህና ነው ከተባሉ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጥ ባና ሠርተው ለቤተ ክርስቲያኗ ምንጣፍ ሊያስገቡ ነው። ዓይናቸው ካልዳነ ሥራቸው አለቀ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ክንዳቸውን አስሮ የደም ግፊታቸውን ለካ፤ ጣታቸውን ወግቶ ስኳር አየ። ዓይናቸውን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። በብጣሽ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጫረና «ኖርማል ነው አባባ፣ በሰላም ይግቡ» ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

በሩ ላይ አባቴ ወረቀቱን ሰጡኝ።

«ኖርማል ያለው ምኔን ነው?» አሉኝ።

ፊደል ያልቆጠሩት አባቴ፣ ተማሪዎቼ ዓመቱን ሙሉ ለምኛቸው አንድም ቀን ያልጠየቁኝን ጥያቄ ጠየቁኝ። ወረቀቱን አነበብኩት። ግፊት፣ ኖርማል። ስኳር፣ ኖርማል። ስለ ዓይን አንዲት ፊደል የለበትም። ይህን ለማወቅ የእንግሊዝኛ መምህር መሆንም አያስፈልግም። ነገር ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመምህራን ግምገማ ነበረብን። የቀረ ሰው ስሙ ይነሳል፤ የእኔ ስም ደግሞ ባለፈው ግምገማ በአሽሟጣጭነት ተነስቶ ነበር። ለዓይን ደብረ ብርሃን ወስዶ መመለስ ቢያንስ ሁለት ቀን ነው። ፈራሁ። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ «ሁሉንም ነው አባባ። ጤነኛ ነዎት ማለት ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ አማተቡ። ወረቀቱን አጣጥፈው በመሐረባቸው ቋጠሩና ወደ አገር ቤት የሚሄደውን መኪና ፍለጋ ወረዱ። እኔ ወደ ግምገማዬ ሄድኩ። ሰብሳቢው ከአመራሩ ጋር ያለህ ግንኙነት እንዴት ነው ሲለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩለት መናገር ያሳፍረኛል፤ ያችኑ ቃል ነው ያልኩት።

አባቴ ያንን ወረቀት ለጠየቃቸው ሁሉ እየፈቱ ያሳዩ ነበር። መንደሩ «ኖርማል»ን የተማረው ከእኔ ነው። ባናውን ክረምቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው ለኅዳር ማርያም አደረሱት። ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው «ማርያም ዓይኔን መልሳልኛለች» ብለው መሰከሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ካህናቱ ባናውን ተቀብለው ሲዘረጉት እኔም አየሁት። በቀኝ ጠርዙ ነጯ መስመር አለች። በግራ የለችም። ቄሱ አይተዋል፣ ጎረቤቱም አይቷል፤ የስለት ዕቃ ነውና እንከን የሚያወጣለት አልነበረም። እኔም ተጠግቼ «እጅዎ ይባረክ» አልኳቸው።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን እንሂድ ብላቸው ተቆጡ።

«ስለቴ ደርሶ፣ አስገብቼ፣ በሕዝብ ፊት መስክሬ! ዛሬ ለዓይኔ ብዬ ሐኪም ቤት ብሰለፍ ማርያምን ዋሸሽ ማለቴ አይደለም?»

በመንደራችን ስለቱን ያስገባ ሰው ለዚያው ሕመም የሐኪም ደጅ አይረግጥም፤ ነውር ነው። ወረቀቱ የሚለው ሌላ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ማርያምም ነጻ ትወጣ ነበር። አላልኩም። «ለምርመራ ያህል ነው» እያልኩ ዙሪያውን ዞርኩ። እንደዚያ የምንቀውን ቃል ጋሻ አድርጌ ከኋላው ተደበቅሁ፤ እንደ ካድሬው፣ እንደ ባለ ጋውኑ። እነሱ እንኳ ቢያንስ በገዛ አባታቸው ላይ አላደረጉትም።

ደብረ ብርሃን ለመሄድ እሺ ያሉት ከዓመት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ከገዛ በሬያቸው ጋር ተላትመው ከወደቁ ወዲህ ነው። የዓይን ሐኪሟ መብራት እያበራች ዓይናቸውን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርታ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም። ቀደም ብለው ቢመጡ ግን ማቆየት ይቻል ነበር» አለችኝ። «ኖርማል» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። በሕክምና ቤት እውነቱን በአማርኛ ሲነግሩኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሚቀጥለው ኅዳር ማርያም አባቴ ክንዴን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገባን። የባናውን ሻካራነት በባዶ እግራቸው ለይተው ቆሙ።

«ይህ የእኔ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በግራ በኩል መስመሯ አለች?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። «የለችም አባባ።»

«ያስገባሁ ዕለት አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» አለ። አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ እኔ ካለሁበት ትንሽ ፈንጠር ወዳለ ቦታ ነበር የመለሱት።

«ወረቀቱንስ? ያነበብክልኝ ዕለት የሚለውን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ክንዴን ለቀቁት። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ።