የአልማዝ የስልክ ተራ

መስማት የተሳናት አልማዝ የስልክ ተራዋን መከልከሏ ግፍ ነበር፤ ይመዝገብልኝ። የልጅ ልጄ ስልክ መልእክት ገብቶለት ብልጭ ባለ ቁጥር ያ በወጣትነቴ በሠራተኝነት የኖርኩበት የዶሃ ቤት ድቅን ይልብኛል።

ዓርብ ዓርብ እኛ ሠራተኞቹ ወደ ዘመዶቻችን በተራ ስንደውል አሠሪያችን ማዳም አልማዝን ትዘላት ነበር። ጆሯቸው የደከመው የማዳም እናት ግን ፊደል እየነኩ በጽሑፍ የሚያወሩበት ስልክ ነበራቸው። መንትያው ስልክ ሁለተኛዋ ልጃቸው ቤት ነው፤ የአልማዝ እህት የምትሠራውም እዚያው!

"በዚህ ትጻፍላት" አልኳት ማዳምን።

"ለማትሰማ ስልክ ምን ያደርግላታል?"

"ለእናትሽስ?"

ከንፈራችንን ሲያዩ የቆዩት አሮጊት ብድግ ብለው አልማዝን ወንበራቸው ላይ አስቀመጧት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

"እስከ መቼ ልትይዘው ነው?" አለች ማዳም።

አሮጊቷም መለሱ፦ "እኔን ሳልጨርስ ማን አስነስቶኝ ያውቃል? ያላ፣ ትጻፍ!"