የውሮ ባለቤት

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳለ አንድ ጓደኛዬ ዳሽቦርዴ ላይ ያለውን መጽሐፍ አነሳና ሳቀብኝ። የጃፓን ልብ ወለድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ድመት አለች። "አንተ፣ ጢም አውጥተህ የድመት ተረት ታነባለህ?" ንዴቴ ቅርብ ነው፣ ከመኪናዬ ላስወርደው ምንም አልቀረኝም። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ያዘው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሜሪካ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም፣ የማያበሳጨኝ ነገር አልነበረም። ትራፊኩ፣ እንግሊዝኛዬ፣ ሚራክል ማይል ሰፈር ምግብ ቤት በር ላይ ተቀጥሬ መኪና ሳቆምላቸው ፊቴን እንኳ ሳያዩ ቁልፍ የሚወረውሩልኝ ሰዎች። የምኖረው ዌስት አዳምስ ሰፈር፣ የእናቴ እህት እቴቴ ጋ ነው። ባሏ ጋሽ ለማ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ከሞተ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። የጃካራንዳው ዛፍ አበባውን አራግፎ የእግረኛው መንገድ የሚያዳልጥበት ሰሞን ነው።

ጋሽ ለማ ለእቴቴ ድመት ትቶላት ሄደ። ውሮ። ከጋራዥ ነው ያመጣት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። በሕይወት እያለ ከሥራ ሲመለስ አንድ ጣሳ ቱና ለሁለት ይበላሉ። እቴቴ ግን ድመት ለአይጥ ነው፣ አይጥ ከሌለ ምን ትሠራለች ባይ ናት። እሱ ከሞተ በኋላ ውሮ የኋላው በር ሥር እየተቀመጠች፣ ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች። እቴቴን ያንገበገባት ይኸው ነው።

"ሰኞ የእንስሳት ሼልተር ወስደህ ጣልልኝ" አለችኝ። "እንደሱ ስትጠብቅ ማየት አልችልም።"

"ኦኬ" አልኳት። እኔ ምን አገባኝ?

እሁድ ከሰዓት ጎመን ትከትፋለች፤ ሽንኩርቱ ተጥዷል። እኔ ጠረጴዛው ጋ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ የሰጠችኝን ቀጭን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ፣ ለልምምድ። የጃፓን መጽሐፍ ነው፤ ስለ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ ሽማግሌና ስለ ድመቱ።

"ምን ይሠራሉ ታዲያ?" አለች።

"ምንም። ሲዘንብ ጀርባና ጀርባ ገጥመው ይቀመጣሉ።"

"ይሄም መጽሐፍ ተባለ?"

እኔም እንደዚያው ብያለሁ። ስንት ጉድ ባለበት ዓለም ሰው እንዴት ስለ ድመት ጀርባ ይጽፋል? ግን ሳነበው ድምፄ ሳይታወቀኝ ዝቅ እያለ መጣ። ያ ቤት፣ ያ ዝናብ፣ ምንም የማይነጋገሩ ሁለት ነፍሶች። ከዚያ ሽማግሌው ሞተ። ቀጥሎ ያለውን ሳላስብ መለስኩት።

"ድመቷ ባለቤቷ ሞተባት።"

ቢላው ቆመ። "ባል ነበራት እንዴ? እስካሁን የት ደብቀኸው ነው?"

አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ። "ኧረ እቴቴ! ሰውየውን ማለቴ ነው። ያሳደጋትን፣ ጌታዋን!"

"አይ። መጀመሪያ ምንድነው ያልከው?"

"ባለቤቷ።"

"እሺ። ከዚያስ ምን ሆነች?"

አነበብኩላት። ድመቷ አልጮኸችም። የራሷን ቦታ ይዛ፣ ጀርባዋን ድሮ የእሱ ጀርባ ወደነበረበት አዙራ ተቀመጠች።

እቴቴ እጇን በሽርጧ ጠረገችና የኋላውን በር ከፈተች። ውሮ ከሥር ቀና አለች። ልታባርራት ነው ብዬ ነበር። እቴቴ ግን መቃኑን ይዛ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ቁጢጥ አለች።

"እግዜር ያጥናሽ" አለቻት።

ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ እሷን ሲላት የከረመውን። ውሮ አልሸሸችም፣ አልተጠጋችምም። ሁለቱም ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሽንኩርቱ እያረረ ሸተተኝ፤ መነሳት ግን አቃተኝ።

ቆይቼ፣ "ሰኞስ?" አልኳት።

"ሰኞ ሥራህን ሂድ። ኀዘንተኛ ከቤቷ ይባረራል እንዴ?"

የእንግሊዝኛ ክላሱን አልጨረስኩትም። መጽሐፎቹን ግን አልተውኩም፤ ድመት ያለበት የጃፓን ልብ ወለድ ካየሁ እገዛለሁ። ብዙዎቹ ውስጥ ምንም አይፈጠርም። ሰው አለ፣ ድመት አለ፣ መስኮት አለ። ማንም ማንንም እወድሃለሁ አይልም፤ አንብበህ ስትጨርስ ግን ደረትህ ይሞላል። ያን የጃንጥላ ጠጋኝ ታሪክ የጻፈው ሰው አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ታዲያ የእቴቴን ኀዘን ከየት አግኝቶ ጻፈው? ያን ቀን ግን "ባለቤቷ" ስል ቃል የተሳሳትኩ መስሎኝ አፍሬ ነበር፤ አልተሳሳትኩም።