የዋሻው ሰው ክብደት

አቶ ኦልድርዢክ ቭርዛል ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል። በቼክ አገር፣ በፕሮስትዬዮቭ ከተማ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ለብረት ማቅለጫው የእንጨት ቅርጽ በማውጣት ነበር። ከጡረታ ወዲህ፣ ያሠለጠኑት ራዴክ ክንድ የማይሞሉ ሮኬቶች ያስቀርጻቸዋል፤ ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ ወረቀት ላይ ነድፈው ሳይሠሯቸው የቀሩትን። እሳቸው ሰባ ሁለት ጊዜ አሳንሰው ይቀርጻሉ፣ ራዴክ በፕላስቲክ አባዝቶ ክፍል በክፍል በካርቶን ያሽጋል፣ ገዢው ቤቱ ይገጣጥማል።

«ያልተሠራ ነገር ደስ የሚለው» ይላል ራዴክ፣ «ስህተት የሚያወጣለት የለም።»

በየካርቶኑ አንድ ሰው መጨመር የሙያው ልማድ ነው፤ ከሮኬቱ ጎን ቆሞ ቁመቱን ያስለካል። እስከ ዛሬ መኮንን ነበር። ዘንድሮ፣ ውቅያኖስ እንዲሻገር ለታሰበው ትልቅ ሮኬት፣ አቶ ቭርዛል ባለ መስመር ልብስ የለበሰ እስረኛ ቀርጸው መጡ።

ራዴክ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየው። እስረኛ መሆኑን አልተቃወመም።

«ጌታው፣ እጅዎ ከዳዎት እንዴ? ክንዱ እኮ የክብሪት እንጨት ነው።»

«ልኩ ነው።»

«ደንበኞቼን ያውቋቸው የለ? ካርቶን የሚከፍቱት በሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር ይዘው ነው። ‹ሰውየው ከልኩ አነሰ› እያሉ ደብዳቤ ሊያዘንቡብኝ ነው። ትንሽ ስቱኮ ጣል ያድርጉበት። ቢራው በእኔ።»

አቶ ቭርዛል ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሮኬቱን ቀለም የመረጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ማንም ዓይን አላየውምና አረንጓዴ ይሁን ብለው ወሰኑ፣ ራዴክም ከየት አመጡት አላላቸውም። ሰው ላልነበረ ነገር እንዲህ ቸር ነው። የነበረውን ግን ይመረምረዋል። ስቱኮውንስ ቢሆን ጠዋት ቤታቸው ሞክረውት ነበር። ሲደርቅ አዩት፤ ያማረ ሰው ወጣው፣ አባታቸው ግን አልነበረም። በብርጭቆ ወረቀት መልሰው ፋቁት።

የመገጣጠሚያውን መመሪያ ረቂቅ ሳቡና ከሰውየው ሥዕል ግርጌ ጻፉ፦ ቁመት 176 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደት 38 ኪሎ።

ራዴክ አነበበው። «ሠላሳ ስምንቱ የየትኛው መጽሐፍ ነው?»

«የእናቴ ነው። ጦርነቱ ያለቀ ሰሞን አባቴ ጀርመኖች እስረኞችን ሮኬት ከሚያሠሩበት ከሃርዝ ተራራ ዋሻ ሲመለስ በድንች ሚዛን መዘነችው። እንዳይወድቅ ደግፌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ሲነበብ ለቀቅ አድርገው አለችኝ፤ ደግፌ ያቀለልኩት መስሏት። እኔ ግን ለቅቄው ነበር።»

ራዴክ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠ።

«ደብዳቤ ከመጣስ?»

«ለእኔ አምጣው። እመልሳለሁ።»

ራዴክ ሰውየውን በትንሿ የማፍሰሻ ሣጥን ውስጥ አቆመው። ቅርጹን የሚይዘውን ፈሳሽ ጎማ በጥብጦ፣ ክንዱ እንዳይሰበር፣ ከእግሩ በኩል ቀስ እያለ ማፍሰስ ጀመረ።