ክፉዋ እንጀራ እናት

ሥራ አስኪያጇ ስትቆም እንኳ ብርሃን ፈልጋ ነው፤ ከመስኮቱ ትይዩ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። በቴሌቪዥን ድራማ መተወን ካቆመች አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናትም ሰውነቷ ገና ካሜራ የሚጠብቅ ይመስላል። አሁን ከሩቅ ለሚመጡ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማረፊያ አቋቁማ ታስተዳድራለች።

የተለገሰ ብርድ ልብስ ላደርስ በሄድኩበት ቀን አንዲት ባልቴት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ሕፃኗ ክብደት ካልጨመረች ቀዶ ሕክምናውን አላደርግም ብሏል። ባልቴቷ ግን ለሕፃኗ የቀረበውን ሾርባ አላስቀምስም አሉ።

«በድራማው የእንጀራ ልጅሽን በሾርባ መርዘሽ የገደልሽ አንቺ አይደለሽም?»

ሥራ አስኪያጇ ማንኪያውን አንስታ ሾርባውን ቀመሰች።

«ያኔም መጀመሪያ ቀምሰሽ ነበር!»

በሳቅ የምትፈነዳ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጃኬቷን አወለቀች።

«እንግዲያው እማማ፣ ማድቤቱ ያውና። እርስዎ ይሥሩላት፣ እኔ ካሮቱን እልጣለሁ።»

እንዴት ያለች ሴት ናት! ጸሐፊዋ ለስብሰባ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠራቻት፤ እሷ ግን ሁለቴም በእጇ ምልክት መለሰቻት። ባልቴቷ «አድቅቀሽ ክተፊው እንጂ! ሙያ የለሽም?» ሲሏት «እሺ እማማ» እያለች አጎነበሰች። ሕፃኗ መብላት ስትጀምር ሥራ አስኪያጇ እያንዳንዱን ማንኪያ እስከ ልጅቷ አፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ባልቴቷ ሌላ ሞልተው ለሥራ አስኪያጇ ዘረጉላት።

«ነይ አንቺ ክፉ፣ ብዪ። በቴሌቪዥን ሳይሽ ሥጋ ነበረሽ። ቤትሽ ብዪ የሚልሽ ሰው የለም?»

ብርሃን እንኳ ሳትፈልግ ተቀምጣ በላች።