አየር የምትወድ እናት ዋሻ ስትገባ

ልጄ በመጀመሪያ ደሞዙ ዋሻ ጋበዘኝ። የሰው ልጅ ለእናቱ ነጠላ ይገዛል፣ ሽቶ ይገዛል፣ ሲቸግረው ሬስቶራንት ወስዶ ያበላል። የኔው ጉድ ታይላንድ ድረስ በአውሮፕላን ወስዶ፣ ታንኳ ላይ አስቀምጦ፣ ባህር ውስጥ ያለ ጉድጓድ ሊከተኝ ቲኬት ቆረጠ። "ሰርፕራይዝ!" አለኝ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቅኖ። መደንገጤንስ ደነገጥኩ፣ እሱን አልክድም።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ እኔ የተዘጋ ቦታ አልችልም። ሊፍት አልገባም። ልብስ መሞከሪያ ክፍል ገብቼ በር ዘግቼ ስለማላውቅ ቀሚስ የምገዛው በዓይኔ ለክቼ ነው፤ ቁም ሣጥኔን ብታዩት ዓይኔ ምን ያህል ውሸታም እንደሆነ ይገባችኋል። አንድ ቀን መኪናዬን አውቶማቲክ ማጠቢያ አስገብቼ፣ ያ ጥቁር ብሩሽ መስታወቱን ሲጋርደው ትንፋሼ ቁርጥ አለ። በሩን ከፍቼ፣ ሳሙና በሳሙና ሆኜ ስሮጥ ሠራተኞቹ ማሽኑን አጥፍተው ቆመው አዩኝ። ሐኪሜ "ክላስትሮፎቢያ ይባላል" አለኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከተማ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ ስሙን ስነግራት፣ "የምቾት በሽታ! አገር ቤት ታክሲ ውስጥ አራት ሆነሽ ስትታሸጊ የት ነበር?" አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ጓደኛ እንዲህ ነው።

ለልጄ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እናት ለልጇ ሕመሟን ትናገራለች እንዴ? አባቱ የሞተው ልጁ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ መታመም ክልክል ነበር። ስለዚህ በአትላንታ የጥር ብርድ መስኮቱን ከፍቼ ስነዳ፣ "እማ፣ ፍሪዝ አደረግኩ እኮ!" ሲለኝ "አየር ስለምወድ ነው" እለዋለሁ። ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ሳለከልክ "ለስፖርት ነው" እለዋለሁ። ልጁ ምን ያድርግ? እናቴ አየር ትወዳለች እያለ አደገ፣ ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ አየር ያለበትን ቦታ ፈልጎ ባህር አገኘልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለእኔማ መድኃኒቱ ቀርቶ ታንኳ መጣልኝ።

እምቢ አትይም ነበር ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያ ደሞዝ እምቢ ይባላል? ልጅ የመጀመሪያ ደሞዙን ለወላጁ ያቀርባል፣ ወላጅ ይመርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ በረከት የሚኖረው። ይህን እንኳ እኔ አላስተማርኩትም፤ ቤተ ክርስቲያን ከጓደኞቹ ሰምቶ ነው። እዚያው አትላንታ ዳር፣ ስኔልቪል፣ ሳሎናችን ውስጥ ቆሜ ልመርቀው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

"ኖ፣ ኖ፣ እማ። እዚያ ነው የምትመርቂኝ። ዋሻውን ስታልፊ ውስጡ ክፍት ነው፤ ሰማይ ይታያል፣ ቪዲዮውን አይቻለሁ። እዚያ ሆነሽ መርቂኝ። ላይክ... ሌላ የሚመርቀኝ ሰው የለኝም።"

በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ምን ይጨመራል? "እሺ የኔ ጌታ" አልኩት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ሳልዘጋ አለቀስኩ።

የአውሮፕላኑን ነገር አታንሱብኝ። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር በሩ ጨርሶ እንዳይዘጋ በጫማዬ ይዤው ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ምን እንዳሰቡ ጌታ ነው የሚያውቀው። ብቻ ደረስን። ባሕሩ ያምራል፣ ሰማዩ ያምራል፣ ታንኳውን የሚቀዝፈው ቀጭን ሰውዬም ጥርሱ ያምራል። እኔ ዋሻ ሲባል ቢያንስ ሰው ቆሞ የሚገባበት መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ፈገግ ብሎ በመቅዘፊያው ያሳየን ከገደሉ ሥር ያለች፣ የዶሮ ቤት በር የምታክል ቀዳዳ ናት።

"ዋናው በር የት ነው?" አልኩ።

"እሱ ነው እማ! አሜዚንግ አይደል?"

"በጣም" አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ቀዛፊው በጀርባችሁ ተኙ አለን። ተኛን። ታንኳው በአየር የሚነፋ ነበርና ጣራው ዝቅ ሲልብን ሰውዬው ክዳኑን ፈታ አድርጎ ያስተነፍሰው ጀመር። ፍስስስ ሲል ሰማሁ። አየር ትወዳለች የተባለችው ሴትዮ የተኛችበትን አየር እየተነጠቀች መሆኑ ነው እንግዲህ! ዓይኔን ጨፈንኩ። ድንጋዩ ከአፍንጫዬ በላይ ሲያልፍ ቅዝቃዜው ይሰማኛል። የማውቀውን መዝሙር ሁሉ በሆዴ ዘመርኩ፣ ግጥሙ ሲያልቅብኝ የልደት መዝሙርም ጨመርኩበት። በመጨረሻ በዓይኔ ሽፋን ላይ ብርሃን ወደቀ።

እውነት ለመናገር ቦታው ያስለቅሳል። ዙሪያውን አረንጓዴ ገደል፣ መሐሉ ፀጥ ያለ ውኃ፣ ከላይ ሰማይ። እኔ ግን ጎብኚ ሳልሆን ሌባ ይመስል ሌላ መውጫ ፍለጋ ዙሪያውን አማተርኩ። ሌላ መውጫ የለም። ቀዛፊው ያችኑ ቀዳዳ አሳየኝና ውኃው እየሞላ ነው፣ ቀዳዳዋ ሳትዘጋ ቶሎ እንውጣ አለ። ውኃው እየሞላ ነው! ይህን ሰውዬ ማን ነው ተናገር ያለው?

ልጄ ኮፍያውን አወለቀ። ታንኳው ውስጥ ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን ዘረጋ፣ አንገቱን ደፋ።

ጀመርኩ። "እጅህ የነካው ይባረክ።" "አሜን።" "የገባህበት ቤት ይሙላ።" "አሜን።" "ከክፉ ባልደረባ ይሰውርህ።" "አሜን።" ምርቃት ላይ ያለን ሰው ማንም አያቋርጥምና ምርቃቱ እስካላለቀ ድረስ ያች ቀዳዳ እንደማትነካኝ ገባኝ። ስለዚህ አስረዘምኩት። አለቃው ደግ እንዲሆን መረቅኩ። ሚስቱን፣ ገና ያላወቃትን፣ ከነእናቷ መረቅኩ። መኪናው እንዳይበላሽ፣ ኢንሹራንሱ እንዳይጨምር፣ ሀይዌዩ እንዳይዘጋበት መረቅኩ። ቀዛፊውንም ከነዘመዶቹ መረቅኩ። ልጄ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"እማ፣ ሌሎቹ ታንኳዎች ሁሉ ወጡ እኮ።"

"አሜን በል!"

"አሜን።"

ከዚያ አለቀብኝ። የምለው ሳጣ፣ ያላሰብኩት ከአፌ ወጣ። "አባትህ..." አልኩ። "አባትህ ሊመርቅህ ይገባ የነበረውን ሁሉ እኔ መርቄሃለሁ። ከሁለታችን እንደሆነ አድርጎ ጌታ ይቀበልልህ።" አሜን ሲል አልሰማሁትም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። አንገቱን ቀና ሳያደርግ ቆየ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝም እንደዚያ አዝኜም አላውቅም።

ስንመለስ ውኃው ከፍ ብሏል፣ ጣራው ወርዷል። አሁን ልጄ ከኋላ ተኝቶ ጭንቅላቴ ደረቱ ላይ አረፈ። መሐል ላይ ስንደርስ ታንኳው ጠርዙን ድንጋይ ይዞት ቆመ። ቀዛፊው በእጁ ጣራውን እየገፋ፣ እያስተነፈሰ፣ በራሱ ቋንቋ ለራሱ ያወራል። ጨለማው ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ገላዬ መንቀጥቀጥ ያዘው፤ ታንኳውም ከኔ ጋር ይንቀጠቀጣል።

"እማ? ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም፣ ብርድ ነው።"

በታይላንድ ሙቀት፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ብርድ ነው አልኩ።  ከጭንቅላቴ ሥር የልጄ ልብ ሲመታ ይሰማኛል።

"መስኮቱ..." አለ ቀስ ብሎ። "ደረጃው... እማ፣ አንቺ አየር አይደለም የምትወጂው። ፈርተሽ ነው። ሁልጊዜ ፈርተሽ ነበር።"

 ክንዱን በጥፍሬ ያዝኩት። ያን ሁሉ ዓመት የደበቅኩትን ያች ቀዳዳ ጎትታ አወጣችው፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩም። እሱ ግን መዳፉን ግንባሬ ላይ አደረገ።

"እማ፣ እደጊ" አለኝ።

"ምን?"

"እደጊ። ተመንደጊ። ትልቅ ሰው ሁኚ።"

ልጅ ወላጁን አይመርቅም፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለካ የሚያውቀው ምርቃት እሱ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሽማግሌዎቹ ፀጉሩን እያሻሹ ለራሱ ያሉትን ነው ሃምሳ ዓመት ላለፋት እናቱ የሚደግመው።

"በትምህርትሽ ጎብዢ" አለኝ።

"አሜን" አልኩ። "አታቁም።"