ወጌሻው ያሰሩት እግሬ

ቀኝ እግሬ ተረከዙ መሬት ነክቶ አያውቅም ነበር። የምረግጠው በጣቶቼ ብቻ ነው። ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ አውራ ጣቴ ድንጋይ ባየ ቁጥር ካልመታሁ ይላል፣ እኔም በአፍጢሜ እደፋለሁ። ኋላ ካረጀሁ በኋላ ሐኪም እንደነገረኝ፣ እናቴ ምጥ ጸንቶባት ስትወልደኝ ታፍኜ አንጎሌ ተጎድቷል፤ እግሬ ደኅና ሆኖ የተበላሸው አዛዡ ነው። ያኔ ይህን ማን ያውቃል? በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው አገራችን አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው የአባቴ ኃጢአት ነው ይላል። እናቴ ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በጀርባዋ አዝላኝ ትዞር ነበር።

ጣልያን ከተማውን ሲይዝ አባቴ ጫካ ገባ። ሶላቶዎቹ አርበኛ የወጣበትን መንደር ማቃጠል ጀመሩ። ጭስ ሲታይ ወይም አይሮፕላን ሲያጓራ ሰው ሁሉ ከመንደራችን በታች ያለውን ገደል ወርዶ ወንዙ ዳር ካለው ዋሻ ይገባል። እኔም በእናቴ ጀርባ ሆኜ እወርዳለሁ። እንዲህ ስንል፣ አባቴ አልፎ አልፎ በሌሊት ብቅ ይል ነበርና፣ እናቴ አረገዘች፤ ሆዷም ገፋ። ጭንቁ የመጣው ያኔ ነው። ሆዷን ከፊት እኔን ከኋላ ይዛ ገደል የምትወርደው እንዴት ብላ ነው? ጎረቤቶቻችን "ያችን ልጅ ምን ታደርጋት ይሆን?" ሲባባሉ እሰማ ነበር። የተጎዳው እግሬ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

እናቴ ከተማ ወደሚቀመጡ ወጌሻ ወሰደችኝ። ሽማግሌው እግሬን ከላይ እስከ ታች ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኸ ስብራት አይደለም፤ ስብራት ቢሆን አውቀዋለሁ። ግዴለም፣ እንሞክር" አሉ።

በተፈጥሮው እንደ ክንድ የታጠፈ የዋንዛ ቅርንጫፍ ጠረቡ። አንደኛው ጎን ከባቴ ኋላ ቆመ፣ ሌላው ከውስጥ እግሬ ሥር ተኛ። ውስጡን የበግ ቆዳ አለበሱት፣ ከሥሩ ደግሞ የተጣለ የመኪና ጎማ ቁራጭ መቱበት። "የጣልያን ጎማ ነው፤ ደኅና አድርገሽ ርገጪው!" ብለው ሳቁ። በጠፍር ጥርቅም አድርገው ካሰሩኝ በኋላ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

"እኔ ያሰርኩትን እኔ እስክፈታው ድረስ ማንም እንዳይነካው።"

በአገራችን ወጌሻ ያሰረውን ሌላ እጅ አይፈታም፤ አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል ተብሎ ይፈራል። የኔ እግር የሚገጥም አጥንት እንደሌለው ማንም አላሰበም። ምን ቆርጦን እንነካዋለን! በየገበያው ቀን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን፤ እሳቸው ይፈቱታል፣ የላጠኝን ቦታ ቅቤ ይቀቡታል፣ መልሰው ያስሩታል።

እውነቱን ልናገር፣ ያ እንጨት ብዙ ነገር ሰጥቶኛል። ተረከዜ መሬት ሲነካ እናቴ እልል አለች። ግድግዳ ሳልይዝ መቆም ቻልኩ። ስቆም እጄ ነጻ ሆነ፤ ውኃ የሞላ ቅል በሁለት እጄ ይዤ ከደጅ እስከ ምድጃ ስደርስ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ግን ይህ ሁሉ በሜዳ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ስለማይታጠፍ ቁጢጥ ማለት አልችልም፤ ለሽንት እንኳ እናቴ ደግፋ ትይዘኛለች። ቁልቁለትማ አይነሳ! እግሬ ሙሉ ሲያርፍ እንጨቱ ባቴን ወደፊት ይገፈትረዋል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ አፈር እቅማለሁ። ለእናቴ ብነግራት "ይለመዳል ልጄ" ትለኛለች። እሷ ምን ታድርግ? ተስፋዋ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጎረቤት መንደር ጭስ ተነሳ። ሰው ሁሉ ነቅሎ ሮጠ፤ እኛ ወደ ኋላ ቀረን። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ እናቴ ከፊቷ አስቀደመችኝ። ወደቅሁ። አነሳችኝ፤ ደግሜ ወደቅሁ። ልታዝለኝ ጎንበስ ስትል ሆዷን ይዛ ቀጥ አለች፣ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ። እናቴ ስታለቅስ ማየት እንዴት ይከብዳል! ያኔ ቁጭ አልኩና ጠፍሩን መፍታት ጀመርኩ።

እጄን በመዳፏ መታችኝ። "ተይ! ወጌሻው ያሰሩትን!"

"እምዬ፣ የሚጥለኝ እኮ እሱ ነው!" ብዬ ጮኽኩባት። በእናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ቋጠሮው እንቢ ሲለኝ በጥርሴ ያዝኩት።

እግሬ ወጣ። ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ ፊቴን ወደ ገደሉ ግድግዳ አዞርኩ፤ እጆቼ የዛፍ ሥር እየጨበጡ፣ ያ ሁሉ ሰው ያዘነለት ሹል እግሬ ከድንጋይ ድንጋይ ጣቱን እየሰካ ቁልቁል ወረድኩ። ትንሽ ወርጄ ቀና ስል እናቴ እንጨቱን በብብቷ ይዛ ባለችበት ቆማለች። ሆዷ ጋርዷት የምትረግጠው አይታያትም።

"ግራሽን እዚህ አምጪው፣ እምዬ። እዚህ። አዎ፣ አሁን ቀኝሽን" እያልኩ ከታች ሆኜ አወረድኳት።

ዋሻው ስንደርስ እጄም ጉልበቴም ተልጦ ነበር። ከላይ የኛ መንደር መቃጠል ጀምሯል፤ የሣሩ ክዳን ሲንጣጣ ይሰማናል። እኔን ግን ያስፈራኝ የፈታሁት ጠፍር ነው። እናቴ እስክትቆጣኝ አቀርቅሬ ጠበቅሁ። እሷም አጠገቤ ቀስ ብላ ተቀመጠችና እንጨቱን ጭኔ ላይ አኖረችው።

"በይ፣ ራስሽ እሰሪው። ከዛሬ ጀምሮ ስትፈልጊ ታስሪዋለሽ፣ ሲጥልሽ ትፈቺዋለሽ።"

"አባባ ወጌሻስ ምን ይሉናል?"

"ለሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ" አለች እናቴ። "እግሩ ያንቺ ነው።"